ሱሪ የታጠቁ ልጃገረዶች

አርካዊት ከካርቱም መሃል ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በቀይ ባሕር ተራሮች ላይ ካለች ነፋሻማ መዝናኛ ከተማ ጋር አንድ ነው፤ ነፋሱ ግን አብሮ አልመጣም። በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰው ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት በሩን ዘግቶ ይጋደማል። የማይጋደሙት ልብስ የሚተኩሱት፣ ዕቃ የሚያጥቡት፣ የሰው ልጅ የሚያባብሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከፈነዳው ጦርነት በፊት ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ሐበሾች ነበሩ፤ በካርቱም አፍ ኢትዮጵያዊቷም ኤርትራዊቷም ሐበሻ ነች።

በእነዚያ ሰዓታት ከማድቤት መስኮት የሚወጣው ድምፅ ሁልጊዜ ዘፈን አልነበረም። ስልኩ የስኳር ጣሳውን ተደግፎ ይቆምና የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ወሬ ያመጣል። ወጋየሁ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ከተረከው አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ እሱም ካረፈ ቆይቷል። ትረካው ግን ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ዩቲዩብ እየተሻገረ ስደተኛውን ተከትሎ ወጥቷል። መጽሐፉን ገልጣ የማታውቅ፣ ባለታሪኳን ሰብለ ወንጌልን ግን እንደ ጎረቤት ልጅ የምታማ ወጣት በየዐረብ አገሩ አለች። እጇ ሳሙና ስለነካው ገጽ መግለጥ አትችልም፤ ጆሮዋ ግን ሥራ ፈት ነው።

ከጆሮ ወደ ዓይን ስንመጣ፣ ልጃገረድ ዋና ገጸ ባህሪ የሆነችበትን ልቦለድ ለወጣት አንባቢ መምረጥ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው በእርግጥም ቀላል ነው። የሱዛን ኮሊንስ «ዘ ሀንገር ጌምስ» እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ወዲህ ቀስት ያነገበች፣ ሰይፍ የመዘዘች፣ መንግሥት ያንቀጠቀጠች የ16 ዓመት ልጅ የሌለችበት የመጻሕፍት መደብር ማግኘት ያስቸግራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አርካዊት ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እዚያ ያደገች የሐበሻ ልጅ ትምህርት ቤት ዐረብኛ ታነባለች፤ ስልኳ እንግሊዝኛ ይመግባታል፤ እናቷ የምትቆጣትም የምታባብላትም በአማርኛ ነው። ሦስቱንም ፊደል ትለያለች፤ እኩል ግን አታነባቸውም። ስለዚህ «ምን ላንብብ?» ስትል፣ የተጠየቀው ሰው ከርዕሱ በፊት ቋንቋውን መምረጥ አለበት።

ከቋንቋው ቀጥሎ ደግሞ መጽሐፉ ከየት ይመጣል የሚለው አለ። ሱዳን ከ1997 እስከ 2017 በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ነበረች፤ ማዕቀቡ ከተነሳም በኋላ የውጭ ባንኮች ስለሚፈሩ በካርድ ከፍሎ መጽሐፍ ማዘዝ ለተራው ሰው የሕልም እንጀራ ሆኖ ቆየ። የአማርኛ መጽሐፍ በመተማ በኩል በሰው ሻንጣ ይገባ ነበር፤ አለዚያም በቴሌግራም በሶፍት ኮፒ ይላክ ነበር። ሶፍት ኮፒው ደራሲውን ባዶ እጁን እንደሚያስቀር ሁሉም ያውቃል፤ ሌላ መንገድ ያለው ግን ጥቂት ነው። ለዐረብኛና ለእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር ነበር፤ በ2012 የተጀመረው «መፍሩሽ»። መሃል ካርቱም አደባባይ ላይ ያገለገሉ መጻሕፍት መሬት ላይ ተዘርግተው የሚሸጡበት፣ የሚለወጡበት ገበያ ነበር። ባለሥልጣናቱ በ2015 ከለከሉት። መሬት ላይ የተነጠፈ መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚያስፈራ መንግሥት ከደራሲ በላይ ያውቃል።

መጽሐፉ ተገኘ እንበል። የ15 ዓመቷ ልጅ ተቀብላ ሽፋኑን ታገላብጥና አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች።

«እትዬ፣ መጨረሻ ላይ ትሞታለች?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በዝነኞቹ የአማርኛ ልቦለዶች ውስጥ ብርቱ ልጃገረድ አልጠፋችም። መጨረሻዋ ነው የሚያስጨንቀው፤ ወይ ሞት፣ ወይ ቆብ፣ ወይ ሠርግ። መጽሐፍ የሚመርጥ ሰው ከሽፋኑ ጀርባ ካለው ሙገሳ ይልቅ ይህን ማወቅ አለበት።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 1908 መመለስ ይጠቅማል። በዚያ ዓመት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮም «ልብ ወለድ ታሪክ»ን አሳተመ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ነው፤ ሰው ግን በልጅቷ ስም «ጦቢያ» እያለ ይጠራዋል። ደራሲው በኋላ ዘመን ከጣልያን ጋር በማበሩ ስሙ ቢጎድፍም፣ የአማርኛ ልቦለድ የተጀመረው በአንዲት ልጃገረድ ጉዞ መሆኑን የሚክድ የለም። ጦቢያና ዋሕድ መንትዮች ናቸው። አባታቸው በጦርነት ይማረካል፤ አንድ የማያውቁት ባለጸጋ ነጋዴ ቤዛ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ውለታውን ለመመለስ ነጋዴውን ፍለጋ የወጣው ዋሕድ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። ያን ጊዜ ጦቢያ ቤት ቁጭ ብላ አታለቅስም፤ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ማስመሰሉ እጅግ ከመዋጣቱ የተነሳ፣ በጠላት ንጉሥ ግቢ የምትኖር ልዕልት ወንድ መስላት ትወዳታለች። በመጨረሻ ምስጢሩ ይገለጣል፤ አረማዊው ንጉሥ ክርስትና ተነሥቶ ጦቢያን ያገባል፤ ዋሕድ ልዕልቲቱን ያገባል፤ መጽሐፉ በድርብ ሠርግ ይዘጋል።

እዚህ ላይ አንድ መገጣጠም አለ። በዚያው በ1908 የካናዳዊቷ ሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪ «አን ኦቭ ግሪን ጌብልስ» ታተመ። ወንድምና እህት የሆኑ ሽማግሌዎች እርሻ የሚያግዝ ወንድ ልጅ ከሙት ልጆች ማሳደጊያ ያስልካሉ፤ በስህተት ሴት ትመጣባቸዋለች። ስለዚህ በአንድ ዓመት፣ በሁለት አህጉር፣ ሁለት ልጃገረዶች በወንድ ቦታ ታሪካቸውን ጀመሩ። አንዷ ልብሱን ለበሰች፤ ሌላዋ ቦታውን ያዘች። አን ግን ማስመሰል አላስፈለጋትም፤ ለፍልፋ ለፍልፋ እንዲወዷት አደረገች። ከዚያ በኋላ አን ብዙ ተከታይ መጻሕፍት አገኘች። ጦቢያ ከሠርጓ ማግስት ምን እንደሆነች የጻፈ የለም።

ሰብለ ወንጌል የመጣችው በ1958 ዓ.ም. ነው። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋ ያልፋል፤ ፊደል እንዲያስተምራት የመጣው በዛብህ ፍቅርም ያስተምራታል፤ መጨረሻዋም ቆብ ነው። የብዙ ሰው ትዝታ የሚቀረው እዚያ ለቅሶው ላይ ነው። ለወጣት አንባቢ ግን ሊጠቆምላት የሚገባው ሌላ ቦታ ነው። ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ቤት የምትወጣው እንደ መነኩሴ ለብሳ ነው። የፊታውራሪ ልጅ፣ ደጅ ወጥታ የማታውቅ፣ አንድ ሌሊት ልብሷን ቀይራ ለማታውቀው መንገድ እግሯን ታነሳለች። ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ ፊውዳሉ ሥርዓት በብዙ መቶ ገጽ ከተናገሩት ሁሉ ይህ አንድ ድርጊት ለ15 ዓመት ልጅ ይበልጥ ይገባታል። መምህራን የመጽሐፉን «መልእክት» ሲያስጠኑ ይህን ቦታ በሩጫ ማለፋቸው ያሳዝናል።

ልብስ ቀይሮ መውጣት የእኛ ብቻ ነገር አይደለም። በ1983 አሜሪካዊቷ ታሞራ ፒርስ «አላና» የምትባል ልጅ ፈጠረች። አላናም እንደ ጦቢያ መንትያ ወንድም አላት፤ ከእሱ ጋር ቦታ ተለዋውጣ፣ ወንድ ነኝ ብላ የባላባት ጦረኝነት ትማራለች። ፒርስ «ጦቢያ»ን አይታ ነው ማለት አይቻልም፤ ሁለት ደራሲዎች በ75 ዓመት ልዩነት አንዱን በር አንኳኩ እንጂ። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። አላና ማንነቷ ከተገለጠ በኋላም ሰይፏን አታስቀምጥም፤ ተከታታዮቹ መጻሕፍት የሚተርኩት በሴትነቷ የምትዋጋውን አላናን ነው።

የዴቦራ ኤሊስ «ዘ ብሬድዊነር» ደግሞ በ2000 ወጣ። ፓርቫና የ11 ዓመት የካቡል ልጅ ናት። ታሊባን አባቷን ሲያስር ቤት ውስጥ ወደ ገበያ ወጥቶ ዳቦ የሚያመጣ ወንድ ይጠፋል። ጸጉሯ ይቆረጣል፤ የሞተ ወንድሟን ልብስ ትለብሳለች፤ ገበያ ላይ ጨርቅ አንጥፋ የአባቷን ሥራ ትቀጥላለች። ሥራው ፊደል ለማያውቁ ሰዎች ደብዳቤ ማንበብና መጻፍ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ታሊብ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ ደብዳቤው ለሞተች ሚስቱ የተላከ ነው፤ ልጅቷ እያነበበችለት እንባው ይፈሳል። ሰውየው ጨካኝ ሥርዓት ያገለግላል፤ የሚያለቅሰውም እውነቱን ነው። ኤሊስ በፓኪስታን የስደተኛ መጠለያዎች ከአፍጋን ሴቶች ጋር ተነጋግራ ስለጻፈችው ትንንሾቹ ዝርዝሮች ይታመናሉ። ቋንቋው ቀላል ስለሆነ እንግሊዝኛዋ ገና ለሆነ ልጅ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ማግኘት ያስቸግራል።

ደራሲዎቹም ራሳቸው ልብስ ይቀይሩ ነበር። ለዛሬው የወጣቶች ልቦለድ መሠረት ጣለ የሚባለው «ዘ አውትሳይደርስ» በ1967 ሲታተም የጻፈችው ሱዛን ሂንተን ገና በአሥራዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ነበረች። አሳታሚዋ ወንድ ሐያሲዎች ሴት ጻፈችው ብለው እንዳይንቁት በመስጋቱ ስሟ «ኤስ. ኢ. ሂንተን» ተብሎ ወጣ። የሃሪ ፖተር ደራሲም ከሠላሳ ዓመት በኋላ በፊደል ምህጻር የተሸፈነችው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ወንዶች ልጆች በሴት የተጻፈ መጽሐፍ አያነቡም ተብሎ።

ይህን ሁሉ ካርቱም ላይ ሆነው ሲያነቡት የልብስ ነገር ተረት መሆኑ ይቀራል።

በሐምሌ 2009 በካርቱም አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሱሪ የለበሱ 13 ሴቶች በፖሊስ ተያዙ። በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 152 «ነውረኛ አለባበስ» ያለውን እስከ 40 ግርፋት ይቀጣ ነበር። ከተያዙት አብዛኞቹ ጥፋታቸውን አምነው ዐሥር ዐሥር ተገርፈው ወጡ። ጋዜጠኛዋ ሉብና ሑሴን ግን ክሱ በአደባባይ ይታይልኝ አለች፤ የሰው መጋበዣ ካርድ አሳትማ በተናች፤ ያንኑ ሱሪ ለብሳ ችሎት ቀረበች። 500 የሱዳን ፓውንድ ስትቀጣም አልከፍልም ብላ እስር ቤት ገባች። ሌሎች ከፍለው አስወጧት። ያ ሕግና አብረውት የነበሩት የሥነ ሥርዓት ደንቦች ሻይ ሻጮችንና ቤት ሠራተኞችን በየጊዜው ለፖሊስ አፈሳ ያጋልጡ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ ኢትዮጵያውያት ነበሩበት። አርካዊት የነበረች ሐበሻ ልጅ ከቤት ስትወጣ ጠርሃዋን፣ የራስ መሸፈኛዋን፣ አገጯ ሥር ታጠብቅ የነበረው ስለ እምነቷ ላይሆን ይችላል። ጦቢያ ለምን የሰው ልብስ እንደለበሰች ለዚህች ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

የሥነ ሥርዓት ሕጉ የተሻረው በኅዳር 2019 ነው፤ ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሽር ከሥልጣን ከወረዱ ከሰባት ወር በኋላ። ከመውረዳቸው ሦስት ቀን በፊት፣ ሚያዝያ 8፣ የ22 ዓመቷ የሥነ ሕንፃ ተማሪ አላእ ሳላሕ ነጭ ቶብ (የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ) ለብሳ፣ ክብ የወርቅ ጉትቻ አድርጋ፣ መኪና ጣሪያ ላይ ቆማ ለተቃዋሚው ሕዝብ መፈክር ስታሰማ ላና ሃሩን በስልኳ ፎቶ አነሳቻት። ፎቶው ዓለምን ዞረ። ሱዳናውያን እንዲህ ያለችዋን ወጣት በጥንቱ የመርዌ ንግሥቶች ማዕረግ «ካንዳካ» ይሏታል። አላእ የለበሰችው የአያቶቿን ልብስ ነው። አልተደበቀችም። የልቦለድ ደራሲ ቢፈጥራት «ተጋነነ» ይባል ነበር።

ታዲያ ከዚህች ምድር የወጡ፣ ለዚህች ልጅ የሚሰጡ ልቦለዶች የትኞቹ ናቸው? ቀርቦ የሚነካት የጄን ከርትዝ «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ሳይሆን አይቀርም። ከርትዝ ከአሜሪካውያን ወላጆች ጋር በልጅነቷ ኢትዮጵያ ውስጥ ማጂ ያደገች ናት፤ መጽሐፉ የወጣው በ1998 ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ድርቅ ዘመን ሁለት ልጃገረዶች ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ይሰደዳሉ። ፀሐይ ቅማንት ናት፤ ራሔል ቤተ እስራኤል፣ ዓይነ ስውር። ፀሐይ ቤተ እስራኤላውያን «ቡዳ» እየተባሉ ሲነገር ሰምታ ያደገች ስለሆነች ራሔልን ትፈራታለች። መንገዱ ግን ምርጫ አይሰጥም፤ አንዷ የሌላዋ ዓይን መሆን ይኖርባታል። ከልቦለዱ ጀርባ ያለው ታሪክ የታወቀ ነው። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች ያለቁት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይነገራል። ያው ኡም ራኩባ በ2020 መጨረሻ ከትግራይ ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፈተ። የአርካዊት ልጅ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የምታገኘው የአክስቷን መንገድ ሊሆን ይችላል።

የሱለይማን አዶንያ «ሳይለንስ ኢዝ ማይ መዘር ተንግ» ከበድ ይላል፤ ከ17 ዓመት በታች ላለች ልጅ ባይሰጥ ይሻላል። አዶንያ ከኤርትራዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት በኡም ሐጀር ተወልዶ፣ በልጅነቱ ሸሽቶ በሱዳን መጠለያ ውስጥ አደገ። በ2018 የወጣው ልቦለዱ የሚተርከው ሳባ ስለምትባል ልጅ ነው። ሳባ መጠለያው እንደገባች የምትፈልገው ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት ግን የለም። ወንድሟ ሐጎስ መናገር አይችልም፤ ምግብ የሚያበስለው፣ ልብስ የሚያጥበው እሱ ነው። እሷ እንደ ወንድ ታስባለች ተብላ፣ እሱ እንደ ሴት ይኖራል ተብሎ በመጠለያው አፍ ይታኘካሉ። አንድ ጃማል የተባለ ወጣት ነጭ አንሶላ ወጥሮ መሃሉን ቀዶ «ሲኒማ» ይሠራል፤ በቀዳዳው በኩል ሕዝቡ የሚያየው የሳባን ግቢ ነው። ስደተኛ መጠለያ ውስጥ ሴት ልጅ ምን ያህል እንደምትታይ፣ ምን ያህልም እንደማትሰማ ከዚህ በላይ ያሳየ ጸሐፊ ጥቂት ነው። እዚህ ላይ የልብስ መቀየሩ ነገር ተገልብጧል፤ ሳባና ሐጎስ ልብስ ሳይሆን ሥራ ነው የተለዋወጡት።

ሳፊያ ኤልሂሎ ሱዳናዊት አሜሪካዊት ገጣሚ ናት። «ሆም ኢዝ ኖት ኤ ካንትሪ» (2021) በግጥም የተጻፈ የወጣቶች ልቦለድ ነው፤ በአሜሪካ ናሽናል ቡክ አዋርድ የወጣቶች ዘርፍ ረጅም ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር። ኒማ በማታውቀው አገር ናፍቆት የምትሰቃይ፣ እናቷ ልታወጣላት ያሰበችውን ሌላ ስም እንደ ሌላ ልጅ የምታልም ታዳጊ ናት። ያቺ ሌላዋ እሷ የተሻለች፣ የደፈረች ትመስላታለች። መስመሩ አጭር፣ ገጹ ነጭ የበዛበት ስለሆነ ረጅም መጽሐፍ የሚያስፈራት ልጅ ቶሎ ትጨርሰዋለች። ካርቱምን ትታ የሄደች፣ ወይም ካርቱም የሄደችባት ልጅ ካለች ይህ ለእሷ ነው።

ሌይላ አቡሌላ ካርቱም ያደገች ናት፤ «ሪቨር ስፒሪት» (2023) በማህዲ ዘመን ለባርነት የተዳረገችውን አኩዋኒን ይከተላል። የንዲ ኦኮራፎር «ሁ ፊርስ ዴዝ» (2010) ደግሞ በወደፊት ዘመን ሱዳን ላይ የቆመ ምትሃታዊ ልቦለድ ነው፤ የዓለም ፋንታሲ ሽልማትን አግኝቷል። ስለ ጀግና ሴት ልጅ ለሚጠይቅ ሁሉ ይህ መጽሐፍ ሲጠቆምለት ይኖራል፤ ነገር ግን መድፈርና ግርዛት በዝርዝር አሉበት። መጽሐፍ የሚጠቁም ሰው ይህን ቀድሞ ካልተናገረ የልጅቷን እምነት ለዘለቄታው ያጣል። የማዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ላይም እንዲሁ ነው። ወላጆቿን ያጣችው አገልጋይ ኅሩት የአባቷን ውጅግራ ይዛ ፋሽስትን ስትወጋ ደም ያሞቃል፤ መጽሐፉ ግን በ2020 ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ የሆነ፣ ለአዋቂ የተጻፈ ሥራ ነው። ለአዋቂ የተጻፈውን ለልጅ መስጠት ነውር የለውም። ዝም ብሎ መስጠት ነው ነውሩ።

በአማርኛው መደርደሪያ ላይ የሳሳችው ጀግና ሴት ልጅ ሬዲዮ ላይ ወፍራለች። በ2013 የጀመረው «የኛ» አምስት ልጃገረዶችን፣ ሚሚን፣ ለምለምን፣ ሜላትን፣ ሳራንና እሙዬን ይዞ በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ሬዲዮ ሲተላለፍ፣ ያለዕድሜ ጋብቻንና የቤት ውስጥ ጥቃትን በድራማና በዘፈን አነሳ። የእንግሊዝ መንግሥት ሲደግፈው ቆይቶ፣ የለንደን ጋዜጣ «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ ካፌዘበት በኋላ በጥር 2017 ገንዘቡ ቆመ። ድራማው አንዳንድ ቦታ ላይ ትምህርት ትምህርት ይሸታል፤ ገጸ ባህሪዎቹ ግን ወንድ መስለው አልወጡም። የብሩክታዊት ጥጋቡ «ጥበብ ገርልስ» ደግሞ ሦስት ታዳጊ ሴቶችን ልዩ ኃይል ሰጥቶ፣ የአበሻ ጥበብ አልብሶ በካርቱን አሳየ። ለ15 ዓመት ልጅ ትንሽ የልጅ ይመስላታል፤ ለታናሽ እህቷ ግን ልክ ነው።

ስለ ልጆች መጻሕፍት በኢትዮጵያ ሲወሳ የማይታለፍ አንድ ስም አለ፤ እሱም በሱዳን በኩል ያልፋል። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በነገሌ ቦረና ያደገ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያ መጽሐፉን በ19 ዓመቱ ያነበበ ሰው ነው፤ መጽሐፉ ተራ የእንግሊዝኛ የፍቅር ልቦለድ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሱዳን ተሰዶ፣ ከዚያ አሜሪካ ገብቶ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነ። አማርኛ መጽሐፍ ፈልጎ ቢያጣ «ቂሉ ማሞ»ን በሁለት ቋንቋ አሳተመ፤ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቆይቶ አዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አሰማራ። አንባቢ ያደረገው ያ ተራ የፍቅር መጽሐፍ መሆኑ ለመጽሐፍ መራጮች ትዕቢት ጥሩ መድኃኒት ነው።

ሚያዝያ 15፣ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። አርካዊት ከአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ መሆኑ መዘዝ ሆነበት። ሐበሾቹ ገሚሱ በገላባት ወደ መተማ፣ ገሚሱ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ካይሮ፣ ወደ ጁባ ተበተኑ፤ የሚሄዱበት አጥተው የቀሩም ነበሩ። ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላት ወደ ዘመዶቿ ስትቀጥል፣ ሱዳናዊት የትምህርት ቤት ጓደኛዋ በምዕራብ ጎንደር ኩመር መጠለያ ድንኳን ውስጥ ቀረች። የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2025 ነው። ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከቤት ይዘው የወጡት ስልካቸውን ነው።

ስለዚህ ዛሬ መጽሐፍ የሚጠቁም ሰው የሚጠቁመው ለስልክ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይነሳል። አማርኛዋ ደህና ከሆነ «ጦቢያ» ይቅደም። ከመቶ ገጽ ስለማይበልጥ በሁለት ማታ ያልቃል፤ የአፈወርቅ አማርኛ አልፎ አልፎ ቢያደናቅፋት እናት ወይም አክስት ጎኗ ቁጭ ብላ ታስረዳት። መጨረሻው ላይ ንጉሡ ጦቢያን ሲያገባ ልጅቷ መናደዷ አይቀርም፤ የጠላትን ንጉሥ ስለምን ታገባለች ትላለች፤ አክስቷ ደግሞ ለጦቢያ ታደላለች። ጭቅጭቁ ይጀመር፤ ማንም አይሸምግለው። ነገሩ ሳይበርድ በማግስቱ የሰብለን ሽሽት ከወጋየሁ ትረካ ላይ ፈልጎ ማሰማት፣ እንግሊዝኛ ካላት ፓርቫናን ማስከተል ነው። ከዚያ በኋላ አላናን ትፈልግ ወይም፣ 17 ዓመት ከሞላት፣ ሳባን፣ ራሷ ትናገራለች።